በጨረቃ ላይ ትንፋሽ

ቦሎኛ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣
ምድር ቤት ነው ሥራዬ፤ ፀሐይ ትውጣ፣ ትግባ
የማውቀው ነገር የለም። ጓንቴን አጥልቄ፣
ኮምጣጤ የሚሸት ፊልም ከዛገ ጣሳ አላቅቄ፣
አንድ በአንድ ምስሉን አጥባለሁ፤
ጭረቱን እሞላለሁ፣
አቧራውን እለቅማለሁ፤
ከሞተ ተዋናይ ጉንጭ ላይ የዝንብ ኩስ አነሳለሁ።

ዛሬ የመጣችው ጨረቃ ናት።

በስልሳ አንድ፣ በጥር ብርድ፣ ከሮም ወጣ ብሎ፣
በአንድ የቲማቲም መጋዘን፣ ጥቁር ከፈይ ሰማይ ሆኖ ተሰቅሎ፣
መንኮራኩሯ የወተት ጣሳ፣ አፍንጫው የተሞረደ፣
መሬቱ ጀሶ፣ በሾርባ ማንኪያ ተጭሮ ገደል የወለደ፤
ጭራቁ ሰም፤ ከመብራቱ ግለት አገጩ ሲፈስ በየቀኑ፣
ማታ ማታ በቢላ አዲስ አገጭ እየጠገኑ
ሠሩት። ስድስት ሰዎች፣ ገንዘብ የሌላቸው፤
ለከዋክብቱ መበሻ መርፌ ያዋሱት ሚስቶቻቸው።

ያኔ ክሩ አይታይም ነበር።
የገጠር ሲኒማ፣ የሲጋራ ጭስ፣ የደከመ መብራት፣
በየመንደሩ ዞሮ ዞሮ የነጣ ቅጂ፣ የሰነፈ ጥራት።
ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤
ጉድለት ሲያብር ደግሞ ክር ይሰውራል።

እኔ ግን አጠራሁት።
ጥላውን አጉልቼ፣ ጭጋጉን ገፍፌ ባበራሁት
ቁጥር፣ ክሩ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ከሰማይ ተወጠረ።
ላድነው ገብቼ ገመናውን አደባባይ አወጣሁት።

«ይሄማ ጃጅቷል» አለ ተለማማጁ ዱሊዮ፣ ሳቅ አፍኖት።
ሳቅሁ እኔም። ያ አገጭ! ያ የወተት ጣሳ!
ግን ትናንት ማታ አንድ የኮምፒውተር ዘንዶ አይቼ ነበር፣
ሃያ ዓመት እንኳ ያልሞላው፣ ያኔ አፍ ያስከፈተ፤
ዝናብ ውስጥ ሮጠ፣ ቆዳው ሳይርስ፤
ሣር ላይ ቆመ፣ ሣሩ ሳይጎነበስ፤
እሳት ተፋ፣ ጥላው ሳይላወስ።
የሰሙ ጭራቅ እንዲያ አይደለም።
መብራቱ መትቶታል፤ አቧራ ለብሷል፤
ከነአስቀያሚው አገጩ ቦታ ይዟል።
ውሸት ነው።
ግን እዚያ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ኢሊዮ መጣ፣ ከስድስቱ የቀረው፤
ሰማንያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ምርኩዙን ወንበር ላይ አኖረው።
«ክሩን ልተወው?» አልኩት፣ እንደ ቅርስ አክብሬ።
«የምን ቅርስ! አጥፊው! እሱን በጥላሸት ስቀባ ሌሊቱን ሙሉ አድሬ፣
ዛሬ አንቺ ልታጋልጪኝ?»
አጠፋሁት።
መንኮራኩሯ ምንም ሳይዛት ተንሳፈፈች፤
ሽማግሌው እንደ ሕፃን አጨበጨበ።

ከዚያ፣ ከገደሉ ጥግ፣ ትንሽ ነጭ ነገር ብቅ አለ፤
ጭስ መሰለኝ፤ ከፍ ብሎ፣ ሳስቶ፣ ቀለለ።
ትንፋሽ!
አየር በሌለባት ጨረቃ ላይ የሰው ትንፋሽ።
ይህንንም ልጠርግ ብዬ እጄን ስሰድ
አንጓዬን ያዘኝ።

«ናንዶ ነው» አለ።
«የጠረጴዛው እግር ተሰብሮብን ነበር። ከሥር ገብቶ
ጨረቃዋን በጀርባው ተሸከማት፣ ጉልበቱ ሲሚንቶ ላይ።
‹እንዳትተነፍስ› አልነው። ቆየ፣ ቆየ፣
ከዚያ...»
አልጨረሰውም። ከናንዶ ሞት ስንት ዓመት እንደሆነ
እኔም አልጠየቅሁ።
«መልሺው» አለኝ። መለስኩት። «እስቲ እንደገና።»
አሥራ አንድ ምስል ናት፤ ግማሽ ሰከንድ አትሞላም።
ስንቴ እንደመለስኩት አልቆጠርኩም፤
ከላያችን የመጨረሻው ባቡር አንቀጥቅጦን ሲያልፍ
ገና እያየን ነበር።

ማታ መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፦
ጥቅል ሦስት። ክር፦ ጠፍቷል፣ በሠሪው ፈቃድ።
ጭጋግ፦ ከመነሻው ያለ። አይነካ።